ተራራ በጠረጴዛ ላይ፦ የሞዴል ባቡር መልክዓ ምድር እንዴት እውነት ይመስላል?

የሞዴል ባቡር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ክብ ሐዲድ ላይ የሚዞር የልጆች መጫወቻ ነው። ይኸው ሰው ግን አንድ ቀን ፎቶ ያያል። ድንጋያማ ሸለቆ፣ ዝገት የበላው ድልድይ፣ ቀለሙ የተላላጠ ጣቢያ፣ ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው። «ይሄ እውነተኛ ቦታ ነው ወይስ የተሠራ?» ብሎ ይጠራጠራል። መጫወቻውም ሆነ ይህ ሥራ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው፤ ልዩነታቸው ከየት እንደመጣ ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። አንዳንዱ «የገንዘብ ጉዳይ ነው» ይላል፤ ይህ በከፊል ያስኬዳል። ሌላው ደግሞ «ሁሉን ነገር በትክክል አሳንሶ መሥራት ነው» ይላል፤ ይህኛው አያስኬድም። ሁሉን ነገር እኩል ማሳነስ ቦታው አይበቃም፣ የተፈጥሮ ሕግም አይፈቅድም። ሙያው ያለው የቱን በልኩ ማሳነስ፣ የቱን ማጠፍ፣ የቱን ደግሞ ከዓይን መሰወር እንደሚገባ በመምረጥ ላይ ነው።

«1 ለ 87» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ መስፈርት ነው፤ ካርታ ላይ ከምናውቀው መስፈርት ጋር አንድ ዓይነት። 1 ለ 87 ማለት በእውነተኛው ዓለም 87 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር በሞዴሉ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ 26 ሜትር የሆነ የመንገደኛ ፉርጎ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ይህ መስፈርት «ኤች ኦ» ይባላል፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበትም እሱ ነው። ከእሱ የሚያንሰው «ኤን» 1 ለ 160 ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ በ1972 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው «ዜድ» ደግሞ 1 ለ 220 ሲሆን፣ በዚህ መስፈርት የተሠራ ሎኮሞቲቭ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ተለቅ የሚለው «ኦ» እንደየአገሩ ከ1 ለ 43 እስከ 1 ለ 48 ይደርሳል። ሜርክሊን ቀደም ሲል በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ ደረጃቸው የተወሰነ የሐዲድ መጠኖችን ይዞ በመቅረቡ፣ ዛሬ የገዛነው ሐዲድ ነገ ከምንገዛው ጋር እንዲገጥም መንገድ ከፍቷል።

መስፈርትና የሐዲድ ስፋት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። በብዙ አገሮች በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የኤች ኦ ሐዲድም ስፋቱ ይኸው ነው። እዚህ ድረስ ሒሳቡ ሰላም ነው። ብሪታንያ ስንደርስ ግን ነገሩ ይጣመማል። የአገሪቱ ባቡሮች ከአውሮፓዎቹ ጠበብ ያሉ ስለሆኑ፣ የዚያን ዘመን ሞተር በ1 ለ 87 አካላቸው ውስጥ አልገባ አለ። አምራቾቹ አካሉን ወደ 1 ለ 76 አሳደጉት፤ ሐዲዱን ግን እዚያው 16.5 ላይ ተዉት። ውጤቱ ቆሞ ሲታይ ባቡሩ ጠባብ መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው መስሎ ይታያል፤ ሐዲዱ ከእውነተኛው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የጠበበ ነውና። አብዛኛው የብሪታንያ ሞዴል ሠሪ ይህን ችሎ ይኖራል። አንጀታቸው እሺ ያላላቸው ግን 18.83 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በገዛ እጃቸው እየሠሩ፣ የእያንዳንዱን ባቡር መንኮራኩር ይለውጣሉ። ተመልካች ላያየው ለሚችለው 2.33 ሚሊ ሜትር ብሎ ይህን ሁሉ መልፋት ለአንዳንዱ እብደት ይመስላል። እኔ ግን ሐዲዱን ከፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ላየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው እንደሚታይ እመሰክራለሁ።

ታዲያ ሁሉን በልኩ ማሳነስ ለምን አይቻልም?

መጀመሪያ ቦታ አለ። እውነተኛ ባቡር በ300 ሜትር ራዲየስ ቢታጠፍ ያ ጠባብ ኩርባ ነው። በ1 ለ 87 ይህ 3 ሜትር ከ45 ይሆናል፤ ባቡሩ ዞሮ እንዲመለስ ከተፈለገ ወደ 7 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ የሚሠሩ አብዛኞቹ ኩርባዎች ግን ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ናቸው። ይህ በእውነተኛው ዓለም ከ40 እስከ 50 ሜትር ገደማ ማለት ሲሆን፣ አንድም ረጅም የመንገደኛ ባቡር አያልፍበትም። 1 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር ጣቢያ ግቢም 11 ሜትር ተኩል ይፈልጋል።

መፍትሔው ቦታውን ማጠፍ ነው። 20 መስኮት ያለው ፋብሪካ በሞዴሉ ላይ 8 መስኮት ይኖረዋል። የሚቀነሰው ግን እንዲያው በግምት አይደለም። ፋብሪካውን የሚያስታውቁት የጭስ ማውጫው፣ የጣሪያው ቅርጽና የበሩ ቅስት ከሆኑ እነሱ ሳይነኩ ይቀራሉ፤ የሚታጠፈው የሚደጋገመው ነገር ነው። የመስኮቱ መጠን ራሱ አይቀንስም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚቀንሰው። መስኮትና በር ከቀነሱ አጠገባቸው የቆመው የ2 ሴንቲ ሜትር ሰው ወዲያው ያጋልጣቸዋል።

ቀጥሎ ክብደት አለ። 80 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም በ87 ስለሚካፈል ክብደቱ ሦስት ጊዜ ለ87 ይካፈላል፤ የሚቀረው 121 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል የቀለለ ባቡር ፉርጎዎቹን አጥብቆ አይጎትትም፣ ኤሌክትሪኩንም ከሐዲዱ በደንብ አይቀበልም። ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ብረት ይጨመርለታል። ፍጥነት ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር በ1 ለ 87 በሴኮንድ 32 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው መሄድ ያለበት። አብዛኛው ሰው ከዚህ እጅግ አብልጦ ይነዳል፤ ውብ የሆነ መልክዓ ምድርም ባቡሩ እንደ ጥይት ሲያልፍበት መጫወቻ ይመስላል።

ጭራሽ የማያንሱ ነገሮችም አሉ። የውሃ ጠብታ ያው የውሃ ጠብታ ነው፤ 1 ለ 87 የሆነ ማዕበል የለም። ጭስም እንዲሁ። ትንሽ ወንዝ ላይ እውነተኛ ውሃ ቢለቀቅ ወንዝ ሳይሆን የፈሰሰ ውሃ ነው የሚመስለው።

ተራራው ከምን ይሠራል?

ጀማሪ ሠሌዳ ያነጥፍና ሐዲዱን ይዘረጋል፣ ከዚያ ተራራውን ከላይ ይከምራል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። እውነተኛ ሐዲድ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ መሬቱን እየቆረጠና እየሞላ ነው የሚያልፍ። አንዱ ወገን ተቆርጦ ገደል ሲሆን ሌላው ወገን ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዝርግ ሠሌዳ ትተው እንደ መሰላል ክፍት የሆነ የእንጨት ፍሬም ይሠራሉ፤ ሐዲዱ የሚሄድበትን ስስ ጣውላ ብቻ በቋሚ እንጨቶች ከፍ አድርገው ይሸከሙታል። ያኔ ሸለቆው ከሐዲዱ በታች መውረድ ይችላል፣ ድልድዩም የሚሻገረው ነገር ያገኛል። ዳገቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ በ1 ሜትር ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። በዚህ ልክ አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ እንዲሻገር ከ3 ሜትር በላይ ርዝመት ዳገት እየወጣ መሄድ አለበት።

የመሬቱ ቆዳ በሁለት መንገድ ይሠራል። የድሮው መንገድ የሽቦ ወንፊት ወይም የካርቶን ስንጥር ወጥሮ፣ ሐኪም ቤት ስብራት የሚታሰርበትን የጀሶ ጨርቅ ውሃ እየነከሩ ማልበስ ነው። አዲሱ ደግሞ ለቤት ሙቀት መከላከያ የሚውለውን ጠንካራ ፎም ደራርቦ በቢላዋ ወይም በጋለ ሽቦ መቅረጽ ነው። ፎሙ ቀላል ነው፤ ግን ሲቆረጥ አቧራው ቤቱን ሁሉ ይሞላል፣ በጋለ ሽቦ ሲቆረጥም ጭሱ መተንፈሻ ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ድንጋዩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው የሚያምርበት ቦታ እሱ ነውና። ሠሪው እውነተኛ ድንጋይ ላይ ፈሳሽ ጎማ ቀብቶ ሲደርቅ ይልጠዋል። የድንጋዩ ስንጥቅና ሻካራነት በጎማው ላይ ተገልብጦ ይቀራል። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ጀሶ ያፈስሳል፤ ጀሶው ሊጠነክር ሲል፣ ገና እርጥብ ጨው እንደመሰለ፣ ቅርጹን ተራራው ላይ ይለጥፈዋል። ሲላጥ ነጭ ገደል ይወጣል። አሁን ቀለም ቅብ ሳይሆን ቀለም ማጠጣት ይጀመራል። ቀለሙ በውሃ እጅግ ይቀጥናል፤ በሻይ ማንኪያ የሚቆጠር ቀለም ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጀሶ ፈሳሽ ስለሚመጥ፣ ቢጫማው አፈር ቀለም በአንድ ቦታ፣ ቡናማው በሌላ ቦታ፣ ግራጫው በመሃል እየተነከረ ይገባና እርስ በርሱ ይዋሐዳል። ከዚያ የተቀጠነ ጥቁር በሁሉም ላይ ይፈስሳል፤ ጥቁሩ ወደ ስንጥቆቹ ወርዶ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻ ቀለሙ ጨርቅ ላይ የተጠረገ ብሩሽ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይዳብሰዋል፤ የድንጋዩ ጥግ ፀሐይ እንደነካው ያበራል። ወፍራም ቀለም በአንዴ የሚቀባ ሰው ግን ይህን ሁሉ ዝርዝር ይደፍነዋል።

ሣሩ እንዴት ቀጥ ብሎ ይቆማል?

በፀጉር ማበጠሪያ የተበጠረ ደረቅ ፀጉር ሲቆም ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሣሩ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የናይሎን ጭረት ነው። መሬቱ ኮላ ይቀባል፤ አንድ ሚስማር ወደ ኮላው ይሰካና ከመሣሪያው ሽቦ ጋር ይያያዛል። ወንፊት ያለው መሣሪያ ጭረቶቹን በከፍተኛ ቮልቴጅ እየሞላ ይነሰንሳል፤ ጭረቶቹ የኤሌክትሪኩን መስመር ተከትለው ጫፋቸው ኮላው ውስጥ ይተከላል። 4 ሚሊ ሜትር ጭረት በ1 ለ 87 የ35 ሴንቲ ሜትር ሣር ነው፤ ያልታጨደ ሜዳ ይሆናል። አንድ ዓይነት አረንጓዴ ብቻ የተነሰነሰበት ሜዳ ምንጣፍ ይመስላል፤ ገለባ ቀለም፣ ቡናማና አረንጓዴ በተለያየ ርዝመት ሲደባለቁ ነው ሜዳ የሚሆነው።

ዛፍ ላይ የሚደጋገመው ስህተት ማሳጠር ነው። 20 ሜትር የሆነ ተራ ዛፍ በ1 ለ 87 23 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሎኮሞቲቩ አምስት እጥፍ ገደማ ይቆማል። ይህን ያህል ዛፍ ሲያዩ «በዛ» ብለው የሚያሳጥሩት ብዙ ናቸው፤ ያጠረው ዛፍ ግን ባቡሩን ያገዝፈዋል። ግንዱ ከተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ ይሠራል፣ ቅርፊቱ ኮላና ጀሶ ይቀባል፣ ቅጠሉ የተፈጨ ስፖንጅ ነው። ግንዱም ብዙውን ጊዜ ቡናማ አይደለም፤ ወጥቶ ላየው ግራጫ ነው።

ወንዙ ገና ውሃው ሳይፈስስ በቀለም ያልቃል። ጥልቁ መሃል ጠቆር፣ ዳሩ ወደ አፈር ቀለም ፈካ ተደርጎ ይቀባል። ከላይ የሚፈስሰው ሬዚን፣ ማለትም ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ፣ ግልጽ ነው፤ ጥልቀቱን የሚሰጠው ከሥር ያለው ቀለም ነው። ሬዚኑ በስስ በስሱ ይደረባል፤ በአንዴ ወፍራም ከፈሰሰ ሲጠነክር ግሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። እስኪደርቅ ካልተከደነም አቧራ ይለጠፍበታል። የውሃው ሞገድ ከዚያ በኋላ በግልጽ ጄል በብሩሽ ይነካካል።

ሐዲዱ ሥር ያለው ኮረት ደግሞ ትዕግሥት ፈታኝ ነው። ደረቁ ኮረት በብሩሽ ከተስተካከለ በኋላ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በጠብታ ይሰጠዋል። ኮላው እንዲሁ ቢንጠባጠብ እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ኮረቱን ይቆፍረዋል። ስለዚህ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተጨመረበት ውሃ ቀድሞ ይነፋበታል፤ ሳሙናው የውሃውን ገጽ ውጥረት ስለሚሰብር ኮላው በፍሬዎቹ መካከል ይሰርጋል። ባቡሩ መስመር የሚቀይርበት ቦታ ላይ አንዲት ፍሬ በሚንቀሳቀሰው የሐዲዱ ምላስ ሥር ከተጣበቀች ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል።

አዲሱን ባቡር ለምን ያቆሽሹታል?

ከሳጥን የወጣ ፕላስቲክ የሚያሳብቀው ማብረቅረቁ ነው። ቆሻሻው ግን ሥርዓት አለው፤ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት። ዝናብ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ የዝገቱ እንባ ከእያንዳንዱ ሚስማር ቁልቁል ይንጠባጠባል። የፍሬን ብናኝ መንኮራኩሩ አካባቢ ቡናማ ሆኖ ይሰፍራል። ጥቀርሻ ጣሪያውንና የዋሻውን አፍ ከላይ ያጠቁራል። የተላላጠ ቀለም ለመሥራት መጀመሪያ የዝገት ቀለም ይቀባል፣ በላዩ የፀጉር ስፕሬይ ይነፋል፣ ከዚያ የፉርጎው ቀለም ይከተላል። ሲደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ሲታሽ ስፕሬዩ ይሟሟና የላዩ ቀለም ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ይነሣል፤ ዝገቱ ብቅ ይላል።

ይህን አሠራር ካስለመዱት ሰዎች ስሙ ቀድሞ የሚጠራው አሜሪካዊው ጆን አለን ነው። በሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ የሠራው «ጎሪ ኤንድ ዲፊቲድ» የተባለ የሞዴል ባቡር ከወለል እስከ ጣሪያ የሚወጣ ተራራ ነበረው፤ መስተዋት በድልድይና በቤቶች መካከል ደብቆ መንገዱን እጥፍ ያስረዝም ነበር። አለን በጥር 1973 አረፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቱ በእሳት ተያያዘ፤ ሥራው አብዛኛው ወደመ። ዛሬ የሚታወቀው ራሱ ባነሣቸው ፎቶዎች ነው።

ዓይን የሚታለለው በምንድን ነው?

አብዛኛው ሞዴል የሚታየው ከላይ ነው። ከሐዲዱ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚያይ ሰው በ1 ለ 87 ከ52 ሜትር ከፍታ እያየ ነው፤ እይታው የሄሊኮፕተር እንጂ የመንገደኛ አይደለም። ስለዚህ ብዙዎች ሥራቸውን እስከ ደረት ከፍ ያደርጉታል። ያኔ ኋላ የተሳለው ሰማይ ከተራራው ጋር ይገናኛል። የክፍሉ ማዕዘን ከተተወ ሰማዩ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሥዕሉ የተወጠረበት ሠሌዳ ክብ ሆኖ ይታጠፋል። ሩቅ ኮረብታ ፈዘዝና ሰማያዊ ይደረጋል፣ ከኋላ ያሉት ቤቶችም በአነስተኛ መስፈርት ይሠራሉ፤ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ኪሎ ሜትሮች ይመስላል።

ሌላው ዘዴ መጋረድ ነው። አንድ ኮረብታ ወይም የዛፍ ቡድን ሐዲዱን በመሃል ከሸፈነው፣ ባቡሩ ጠፍቶ ሲመለስ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ሙሉው ክብ በአንድ እይታ ከታየ ግን ባቡሩ የትም አይሄድም። ብርሃኑም የሥራው አካል ነው። ወንድማማቾቹ ፍሬደሪክና ጌሪት ብራውን በ2001 በሃምቡርግ የከፈቱት «ሚኒያቱር ቩንደርላንድ» የተባለ የሞዴል ባቡር ማሳያ ሙሉ ቀንና ሌሊት በ15 ደቂቃ ገደማ ያልፍበታል። ሲመሽ የቤቶቹ መብራት በየተራ ይበራል።

ቤቶቹን ገዝቶ መገጣጠም አይበቃም?

ይበቃል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም እሱን ነው። ችግሩ ያው ሳጥን የሁሉም ጠረጴዛ ላይ መኖሩ ነው። አንድ እርምጃ የሄደ ሰው ሁለት ሦስት ሳጥን ቆራርጦ ሌላ ቤት ያወጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ከባዶ የሚሠራው ነው፦ ከካርቶን፣ ከስስ ፕላስቲክ፣ ከእንጨት ስንጥር፣ ከተበየደ ነሐስ። 6.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጡብ በ1 ለ 87 የሚሊ ሜትር ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ የጡቦቹ መስመር በስለታም ጫፍ ይጫራል።

ለዚህ ዓይነት ሥራ ከፔንደን ሙዚየም የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በ1925 ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ የሄደው ሮይ ኢንግላንድ፣ በአካባቢው ያሉ የሣር ክዳን ቤቶችና መንደሮች እየተለወጡ ሲሄዱ አሳስቦት በሞዴል ሊያቆያቸው ተነሣ። ሙዚየሙ ከ1954 ጀምሮ በኦክስፎርድሸር፣ ሎንግ ዊተናም በሚባል መንደር ይገኛል። የቤቶቹ ሞዴሎች በቦታው በነበሩ ቤቶች ልክ ተለክተው በ1 ለ 76 ተሠርተዋል፤ ባቡሩ እዚያ አጃቢ ነው ቢባል አያስነቅፍም። ከዚያው ሙዚየም ውስጥ ሞዴል ሠሪው ጆን አኸርን የሠራው «ማደር ቫሊ» ይገኛል፤ ይህ ሥራ ደግሞ ከነጭራሹ የሌለ፣ በልብ ወለድ የተፈጠረ ሸለቆ ነው።

ዛሬ ሌዘር መቁረጫና ሦስት አውታር ማተሚያ የመስኮት ፍሬምን በደቂቃዎች ያወጣሉ። ጊዜ ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን የማተሚያው ስስ ድርብርብ መስመር ካልታሸና ካልተቀባ በቅርብ ርቀት ያስታውቃል።

ባቡሩ ራሱስ እንዴት ይታዘዛል?

በቀላሉ ዘዴ እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ኃይል ሐዲዱ ላይ ይለቀቃል፤ ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል። ችግሩ፣ እዚያ ሐዲድ ላይ ያለ ባቡር ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በ1990ዎቹ ደረጃ የወጣለት ዲጂታል ዘዴ ግን ሐዲዱን ሁልጊዜ በኃይል ሞልቶ ትእዛዙን በምልክት ይልካል፤ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ የራሷን ቁጥር ስትሰማ ብቻ ትታዘዛለች። በሁለቱም ዘዴ የጋራ ጠላት አቧራ ነው፤ የቆሸሸ ሐዲድ ኃይል አያስተላልፍም።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ከየት ይነሣ?

ሙሉ ክፍል ከመሙላት ይልቅ ክንድ የማይሞላ አንድ ትዕይንት፣ ለምሳሌ ሐዲዱ ቦይ የሚሻገርበት ቦታ፣ እስከ ዝገቱ ድረስ መጨረስ ያስተምራል። እዚያ ላይ ድንጋዩም፣ ሣሩም፣ ውሃውም፣ ኮረቱም አሉ፤ ቢበላሽም የሚጣለው ትንሽ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ቢዘለል ያስቀጣል፦ ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ፣ ምንም ሣር ሳይተከል፣ ባቡሩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ በዝግታም በፍጥነትም ደጋግሞ ይነዳ። የሚንገዳገድበት ቦታ ካለ ያኔ አንድ ሚስማር ነቅሎ ማስተካከል ይቻላል። ኮረቱ ከተጣበቀ ወዲያ ግን ሐዲዱን ለማንሳት መጀመሪያ ኮላውን በውሃ ማራስ፣ ከዚያ አጠገቡ የተተከለውን ሣር አብሮ መላጥ ግድ ይሆናል።